አርባ አንደኛው ነጥብ

ሐዋሳ ሐይቅን ቀንሼ፥ ስክሪን ላይ አስተኛኋት፤
ሽታዋን ከላይዋ ገፍፌ፥ ሰማያዊ አለበስኳት።
ጥቁር ውሃን በቀጭን መስመር፥ ከሰሜን ለቀቅኩባት፤
ታቦርን ግን ተውኩት። ተራራ መረብ አይጥል፥ ምን ሊሠራላት?

ከዚያ ሰዎች ፈጠርኩ፥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ፤
ለእያንዳንዱ ጀልባ፥ ለእያንዳንዱ መረብ፣
ለእያንዳንዱ ዕዳ፥ ለእያንዳንዱ ረኃብ።
በዘጠኝ መስመር ሕግ ነፍስ ዘራሁባቸው፤
ሌሊት አሥር ሰዓት ሲል እንዲነቁ አዘዝኳቸው።
ትናንት ባዶ የገባ ቦታ ይቀይራል፣
ጎረቤቱ ሲቀናው ኋላ ኋላው ይከተላል፣
ዕዳው ሲጠናበት የመረቡን ዓይን ያጠባል።
ለእግዜርም እንዲህ ቀሎት እንደሁ ብዬ አሰብኩ፤
ደግሞ ደነገጥኩ፥ ሻዬን አነሣሁ፥ ቁልፉን ተጫንኩ።

በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሃያ ዓመት ነጎደ፤
በአሥራ አንደኛው ዓመት ቆሮሶ ከሐይቄ ሄደ።
አምባዛ ብቻ ቀረ፥ ከታች፥ ከጭቃው ጋር፣
ነጥቦቼም ቆሙ፥ ሥራ ፈትተው በዳር።
"ዓሣው ሲራባ ሁለት ወር ሐይቁ ይዘጋ" ብዬ ጻፍኩ፤
በአርባ ገጽ ጠርዤ፥ በማኅተም አጅቤ፥ ለቢሮው ላክኩ።

ዓርብ ዕለት በሩ ተንኳኳ። አርባ አንደኛው ነጥብ
በቦት ጫማው ገባ፥ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርጥብ።
ላንቃሞ ዳንጊሶ፥ የማኅበሩ ሰብሳቢ፤
መጠይቄን የሞላ፥ ትዕግሥተኛ መላሽ፥ ክፉ ተሳዳቢ።
"የቱ ነኝ?" አለኝ፥ ወደ ስክሪኑ አዘነበለና።
አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው።
"ከሳሁሳ" አለና ሳቀ፤
"ማክሰኞ የት ነበርኩ?" ሲል ቀስ ብሎ ጠየቀ።
"ምዕራብ ዳርቻ፥ ደንገሉ መሐል፤ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ይዘሃል።"
"ማክሰኞ ማንም አልወጣም። የሀሜሶን ልጅ ውሃ በልቶታል።
ጉማሬ ነው ይላሉ፥ ነፋስም ይሆናል።
እስከ ሐሙስ ማታ በጀልባ ፈለግነው።
መረብ ያነሣ የለም።"
"ማን ከለከላችሁ?" አልኩት።
አየኝ። ረዥም አየኝ።
"ማን ይከለክላል? ልጅህ ያለበት ውሃ ላይ
መረብ ትጥላለህ ወይ?"

ሊወጣ በሩን ከፍቶ፥ ዞረና፥ "አንተስ የቱ ነህ?" አለኝ።
"እኔ ሠሪው ነኝ፤ እዚያ ውስጥ የለሁም።"
"ዓሣ አትበላም?" ብሎኝ
ሄደ። የቦቱ ጭቃ ምንጣፌ ላይ ቀረልኝ።

ያን ማታ አዲስ መስመር ጻፍኩ፥ ስሙን "ሐዘን" አልኩት፤
ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ልክ፥ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሰጠሁት።
ለምን ሰባት? እንጃ። ዘጠኝ በዛብኝ፥ አራት አሳፈረኝ።
ነጥቦቹ ሦስት ቀን ቆሙ፤ የዓሣው መስመር ትንሽ ቀና አለ።
ደስ ሊለኝ ሲል፥ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ያዘኝ።

ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዘይቱ ይንጫጫል፤
አባ ኮዳ እንደ ኦዲተር፥ ኮቱን ደርቦ ቆሟል።
ጥብሱ ከዳጣ ጋር መጣ፥ ጅራቱ የከሰለ፤
መዳፌን ጎኑ ዘረጋሁ፥ ከመዳፌ ጎደለ።
የሚያዝበትን ልክ በሪፖርቱ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤
"ይኼ እኮ ትንሽ ነው" አልኳት አስተናጋጇን።
"ልጨምርልህ?" አለችኝ።

ጨምሪ አልኩ።

ሌሊቱን ስድስት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ነጥብ ፈጠርኩ፤
ጀልባ የለው፥ መረብ የለው፤ ወንበር ሰጥቼ ዋርካ ሥር አስቀመጥኩ።
ሕጉ አጭር ነው፦ ይመጣል፥ ይቀመጣል፥ ሲያንሰው ያስጨምራል።
ብቻውን ምንም አላመጣም። በከተማው ሰው ልክ አባዛሁት፤
ሐይቄ በተቀማጭ ተከበበች፥ ዓመቱ ከአሥራ አንድ ወደ ስድስት ወርዷል።
ታቦርንም መለስኩት። መረብ ባይጥልም፥ ያያል።

ሲነጋ ለላንቃሞ ደወልኩ፥ የቱ እንደሆንኩ ልነግረው።
ስልኩ አይነሣም፤
ውሃ ላይ ነው።